የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለባለጉዳይ የሰጠው ሰው

እናታችን ካረፈች በኋላ ኮልፌ ቀራኒዮ ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ስም ለማዛወር እኔና ሁለት እህቶቼ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሠራተኞቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፍርድ ቤት ወራሽነታችንን አረጋግጧል፤ ግብር ተከፍሏል፤ ደረሰኙ በእጃችን ነው። ፋይሉ ስለመኖሩም የተጠራጠረ አልነበረም። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ወር አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዘነችልንና ምክር ለገሰችን። ቀድሞ መዝገብ ቤቱን ይይዙ የነበሩ አዛውንት ጡረታ ወጥተው ዓለም ባንክ አካባቢ እንደሚኖሩ፣ እሳቸውን ማምጣት ከቻልን ጉዳዩ እንደሚያልቅ ነገረችን። ሄደን ለመንናቸው። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው አብረውን መጡ። መዝገብ ቤቱ መሐል ቆመው ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያም ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ሄዱና ከታችኛው እስር ውስጥ አቧራ የለበሰ አቃፊ መዘው አወጡ። የእኛ ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እህቶቼ አለቀሱ። ምርቃቱ ወረደ። እኔ ግን እንደነሱ መደሰት አልሆነልኝም። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የንብረት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከበረ ነው ስል የኖርኩ ነኝ። በዚያን ዕለት ግን የእኛ መብት የተንጠለጠለው በአንድ አዛውንት ትዝታ ላይ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። እሳቸው ከአንድ ዓመት በፊት ቢያርፉ ኖሮ ቤታችን ምን ይሆን ነበር?

ማታ ቤት ተሰብስበን ይህንኑ ሳወራ የታላቅ እህቴ ልጅ ሳቀ። ልጁ በኮምፒዩተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። የጥናቱን ርዕስ ብዙ ጊዜ ነግሮኝ ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ፤ የፕሮግራም ቋንቋና ዳታቤዝ ለማሽን ለርኒንግ እንዴት እንደሚያገለግሉ የሚመረምር ዘርፍ ነው። ጋሼ፣ ይህ በሽታ የእኛ ሀገር መዝገብ ቤት ብቻ አይደለም አለኝ። የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ወቅት በዚሁ ታመው እንደነበረና መድኃኒቱን ያገኘው ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ሰውየው አንብብ ብሎም አዘዘኝ። ታናሽ ታላቁን የሚያዝበት ዘመን ነውና አነበብኩ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ሰው ነው። (ኮድ የሚለው የቤተሰቡ ስም ነው፤ ከኮምፒዩተር ኮድ ጋር ዝምድና የለውም። የእሱን ታሪክ በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛዎቹን ዓ.ም. ብዬ እለያቸዋለሁ።)

ከፖርትላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ኤድጋር ፍራንክ ኮድ የተወለደው በ1923 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ በምትገኘው የፖርትላንድ ደሴት ነው። ለቤቱ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ የቆዳ ሥራ ባለሙያ፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። ኦክስፎርድ ገብቶ ሒሳብና ኬሚስትሪ ማጥናት እንደጀመረ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰ። ተማሪ በመሆኑ ከዘመቻ መቅረት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በፈቃዱ ዘመተና በእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ክፍል ውስጥ ሰንደርላንድ የሚባሉትን ከውኃ ላይ የሚነሱ ትልልቅ አውሮፕላኖች አበረረ። ጦርነቱ ሲያልቅ ትምህርቱን ጨረሰ።

በ1948 አትላንቲክን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ሄደና በአይቢኤም ኩባንያ በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረ። ያን ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚባል ሙያ ራሱ ገና በመወለድ ላይ ነበር። በ1953 ግን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ካናዳ፣ ኦታዋ አቀና። ምክንያቱ የደመወዝ ጉዳይ አልነበረም። ሴናተር ማካርቲ ዜጎችን ኮሙኒስት እያለ ሲያሳድድ የአሜሪካ መሪዎች ፊት ለፊት ሊጋፈጡት አለመድፈራቸው አሳዝኖት ነው። እኔ ከሰውየው ጋር የተወዳጀሁት እዚህ ጋ ነው። ፖለቲከኛ አልነበረም፤ ሒሳበኛ ነበር። ያለማስረጃ በሚፈረጅበት ሀገር መኖር ግን አልፈለገም።

አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከቀድሞ አለቃው ጋር በአጋጣሚ ተገናኝቶ በ1957 ወደ አይቢኤም ተመለሰ። አንድ ኮምፒዩተር በርካታ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን እንዲሠራ በሚያስችለው ቴክኒክ ላይ ከሠሩት አንዱ ሆነ። ከዚያም ዕድሜው አርባን ሊነካ ሲል ኩባንያው ወጪውን ሸፍኖለት ሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1965 ዶክትሬቱን ያዘ።

የመመረቂያ ሥራው ርዕስ ዛሬም የሚገርም ነው፤ ራሱን በራሱ ማባዛት ስለሚችል ማሽን ነበር። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፎን ኖይማን እንዲህ ያለውን ማሽን በሐሳብ ደረጃ ሲነድፍ እያንዳንዷ የማሽኑ ክፍል 29 ዓይነት ሁኔታ እንዲኖራት አድርጎ ነበር። ኮድ 8 በቂ መሆኑን አሳየ። የበዛውን ማሳነስ፣ የተወሳሰበውን ማቅለል የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። አማካሪው ጆን ሆላንድ ነበር። ሆላንድ ኮምፒዩተር እንደ ሕያው ፍጡር ከትውልድ ትውልድ እየተሻሻለ መፍትሔ የሚፈልግበትን ዘዴ በማፍለቅ ከማሽን ለርኒንግ ቀደምት አባቶች መካከል የሚቆጠር ሰው ነው። የዳታቤዝ አባት የሚባለው ሰው ዶክትሬቱን የሠራው ማሽን እንዴት እንደሚማር ሲያስብ በኖረ ሰው ሥር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከምርቃቱ በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ወደሚገኘው የአይቢኤም ምርምር ላቦራቶሪ ተዛወረ። ስሙን የተከለውም እዚያ ነው።

የዛፉ መንገድ

ኮድ የደረሰበት ዓለም ከመዝገብ ቤታችን ብዙም አይለይም ነበር። የአይቢኤም ገበያ የደራለት ምርት አይኤምኤስ ይባላል። ወደ ጨረቃ ለሚሄደው የአፖሎ መንኮራኩር የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ዝርዝር ለመያዝ ታስቦ የተጀመረ ሥርዓት ነው። መረጃውን የሚያስቀምጠው እንደ ዛፍ ነው፤ ከግንዱ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ቅጠል።

በእኛ ሀገር ምሳሌ ላስረዳ። ግንዱ ክፍለ ከተማ ይሁን፤ ቅርንጫፉ ወረዳ፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥር፣ ጫፉ ላይ ባለቤቱ። በዚህ ዛፍ በኮልፌ ቀራኒዮ በዚህ ወረዳ የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። አንድ ሰው በከተማው ውስጥ ስንት ቤት አለው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ዛፉን ቅጠል በቅጠል ማራገፍ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀበሌ ታጥፎ ወረዳ ሲሆን ወይም ክፍለ ከተማ ሲከፈል ነው። የዛፉ ቅርጽ ይለወጣል፤ በአሮጌው ቅርጽ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ ይሰበራል።

ከአይቢኤም ውጪ ቻርልስ ባክማን የሚባል ሌላ ሊቅ ነበር። ከዛፍ ይልቅ እንደ መረብ የተሳሰረ ሥርዓት ሠራ፤ ለዚህም የሙያው ትልቁን ክብር፣ የቱሪንግ ሽልማትን በ1973 አገኘ። ባክማን ፕሮግራም ጸሐፊውን የሚያየው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መንገድ እየፈለገ እንደሚጓዝ የመርከብ መሪ አድርጎ ነው። ምስሉ የሚያምር ነው። ግን በሌላ አነጋገር፣ መንገዱን የማያውቅ ሰው መልስ አያገኝም ማለት ነው። የዓለም ባንኩ አዛውንት እንዲህ ያለ መርከበኛ ነበሩ።

አሥራ አንድ ገጽ

ኮድ በ1969 ለኩባንያው የውስጥ ጥናት ጻፈ፤ በ1970 ደግሞ አስፍቶ በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመው። ጽሑፉ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። መረጃ ሁሉ በተራ ሠንጠረዥ ይቀመጥ። አንዱ ሠንጠረዥ ሰዎችን፣ ሌላው ቤቶችን፣ ሦስተኛው የትኛው ሰው የትኛው ቤት ባለቤት እንደሆነ ይያዝ። በመካከላቸው የተደበቀ ክር አይኑር፤ የሚያገናኛቸው በሠንጠረዡ ላይ በግልጽ የሚታይ ቁጥር ብቻ ይሁን። ጠያቂውም የሚፈልገውን ይናገር እንጂ እንዴት እንደሚገኝ አይንገር። መንገዱን መፈለግ የማሽኑ ሥራ ይሁን።

ለሕግ ሰው ይህ ነገር የሚሰጠው ትርጉም የተለየ ነው። መደርደሪያው ቢቀየር፣ ሕንፃው ቢዛወር፣ መዝገብ ያዡ ጡረታ ቢወጣ ጥያቄው ያው ነው፤ መልሱም ያው መሆን አለበት። በመንገዱ ዕውቀት የሚገኝ ሥልጣን ከሰው እጅ ወጥቶ ለሁሉም እኩል ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርቱ አንድ ሐቅ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚለው ነው። የእናቴ አድራሻ በአምስት መዝገብ ተጽፎ በአንዱ ብቻ ቢታረም አራቱ ውሸታም ይሆናሉ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ደግሞ ተከራካሪው ከአምስቱ የሚጠቅመውን መርጦ ያቀርባል። ኮድ ሠንጠረዦች ከእንዲህ ያለ መደጋገም የሚጸዱበትን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ አወጣ። በዘርፉ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ዛሬም እነዚህን ደረጃዎች ለፈተና ያጠናቸዋል።

ሦስተኛውን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ከሁሉ የነካኝ ግን እሱ ነው። ኮድ የማይታወቅ ነገር ከሌለ ነገር መለየት አለበት ይል ነበር። የትውልድ ቀን ያልተመዘገበለት ሰው የትውልድ ቀን የለውም ማለት አይደለም። ስለዚህ እውነትና ሐሰት ከሚባሉት ሁለት ፍርዶች ጎን ሦስተኛ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ፤ አይታወቅም የሚል። የሥራ ባልደረባውና የሐሳቡ ዋና አስተማሪ የሆነው ክሪስ ዴት ሳይቀር በዚህ አልተስማማም፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ ፋይሉ አልተገኘም የሚለው መልስ መብቱ የለም ወደሚለው እያዘነበለ ሲሄድ ያየሁ ሰው ነኝና ከኮድ ጋር ነኝ።

ከገዛ ቤቱ የገጠመው

ነቢይ በሀገሩ አይከበርም እንዲሉ የኮድ ሐሳብ መጀመሪያ እንቅፋት የገጠመው ከራሱ ኩባንያ ነው። አይኤምኤስ ገንዘብ እያስገኘ ነበር፤ ተፎካካሪውን ከቤት ማሳደግ ለነጋዴ አይጥምም። ኮድ ግን ዝም አላለም። ማሳተሙን ቀጠለ። በ1974 ሚሽጋን ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ከባክማን ጋር በአደባባይ ተከራከረ። ጉባኤተኛው ለሁለት ተከፍሎ ያየው ሙግት በሙያው ታሪክ እንደ ትልቅ ችሎት ይታወሳል።

በመጨረሻ አይቢኤም ሳን ሆዜ ውስጥ ሲስተም አር የሚባል የሙከራ ፕሮጀክት ፈቀደ። እዚያ ሁለት ወጣቶች፣ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ፣ የኮድን ሐሳብ ለተራ ሰው የሚያቀርብ ቋንቋ ቀረጹ። ቻምበርሊን በሌሎቹ ሥርዓቶች ገጾች የሚፈጅ ፕሮግራም በኮድ አጻጻፍ አንድ መስመር ሲሆን አይቶ መማረኩን በኋላ ተናግሯል። ችግሩ የኮድ ቋንቋ፣ አልፋ የሚባለው፣ በሎጂክ ምልክቶች የተሞላ መሆኑ ነበር፤ ሒሳብ ያልተማረውን ያስበረግጋል። ሁለቱ ወጣቶች ምልክቶቹን በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ተኩና በ1974 ሲክወል ብለው አወጡት። ስሙ በሌላ ድርጅት የተያዘ የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተገኘ አጥሮ ኤስኪውኤል ሆነ። ቦይስ የሥራውን ፍሬ አላየም፤ በዚያው ዓመት በወጣትነቱ አረፈ።

በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ የኮድን ጽሑፎች አንብበው ኢንግረስ የተባለውን ሥርዓት ሠሩ። ላሪ ኤሊሰን የሚባል ነጋዴም የአይቢኤምን የታተሙ ጥናቶች አንብቦ ቀደመ፤ በ1979 ኦራክልን ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ የፈለቀበት አይቢኤም ገበያ የወጣው በ1981 ነው። ኮድም የቱሪንግ ሽልማትን የተቀበለው በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ባንክ ገንዘብ ስታወጡ፣ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የኮድ ሠንጠረዥ ነው።

ሰውየውን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። በኤስኪውኤል ደስተኛ አልነበረም፤ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ መፍቀዱን እንደ ክህደት አየው። በ1985 ስሙን እየጠሩ የሚነግዱትን ኩባንያዎች ለመፈተን ደንቦች አወጣ፤ አሥራ ሁለት ይባላሉ እንጂ ከዜሮ ስለሚጀምሩ አሥራ ሦስት ናቸው። የገበያ ምርት ሁሉንም ማሟላት አልቻለም። በ1993 ደግሞ ስሙን የሰጠው አንድ ጽሑፍ ወጪው ምርቱን በሚያወድስለት ኩባንያ የተሸፈነ መሆኑ ታውቆ ተተችቷል። ገለልተኛ ዳኛ ሆኖ ለኖረ ሰው የሚያሳዝን ፍጻሜ ነው። በ2003 በፍሎሪዳ፣ በ79 ዓመቱ አረፈ።

ሰውና ማሽን ሲነጋገሩ

የእህቴ ልጅ ኮድን የሚወደው ግን በሌላ ሥራው ነው። ኮድ በ1970ዎቹ ራንዴቩ በሚባል ፕሮጀክት ላይ ሠርቷል። ዓላማው ፕሮግራም የማያውቅ ተራ ሰው በለመደው ቋንቋ ዳታቤዝ እንዲጠይቅ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ በሰው ቋንቋ የሚመልሱልን ማሽኖች ከመምጣታቸው አርባ አምስት ዓመት ያህል በፊት መሆኑ ነው።

በራንዴቩ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ማሽኑ ጥያቄው ግልጽ ካልሆነለት መልሶ ይጠይቃል። ከዚያ መልስ ለመፈለግ ከመሄዱ በፊት የተረዳውን በራሱ ቃል ጽፎ ለጠያቂው ያሳያል፤ ጠያቂው ካላጸደቀ አይቀጥልም። ጥሩ ዳኛ ጭብጥ ሲይዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ የሚናገር ማሽን በኮድ ንድፍ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ነገር በተራ አማርኛ ሲገለጽ፣ ደንቡን ሰው ከሚጽፍለት ይልቅ ኮምፒዩተሩ ብዙ ምሳሌ አይቶ ደንቡን ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ምሳሌዎቹ ከየት ይመጣሉ? ብዙዎቹ ከሠንጠረዥ ነው። ችግሩ ሠንጠረዦቹ አንድ ቦታ፣ የሚማረው ፕሮግራም ሌላ ቦታ ሆነው መኖራቸው ነበር። መረጃው እየተገለበጠ፣ እየተለጠፈ ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ ሐቁ ይበላሻል፤ ከየት እንደመጣም ይረሳል።

የእህቴ ልጅ የሚያነባቸው ጥናቶች ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚጥሩ ናቸው። በ1986 የሳን ሆዜው ላቦራቶሪ ወደተዛወረበት አልማደን፣ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሲስተምኤምኤል የሚባል ቋንቋ ሠሩ፤ በ2015 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ሳይንቲስቱ ማሽኑ ምን እንዲማር እንደሚፈልግ በሒሳብ ይጽፋል፤ ሥራው በአንድ ኮምፒዩተር ይሠራ ወይስ በመቶ ኮምፒዩተር ይከፋፈል የሚለውን ሥርዓቱ ራሱ ይወስናል። ኮድ በተማረበት ኦክስፎርድ ደግሞ ዳን ኦልቴያኑና ባልደረቦቹ ማሽኑ ሠንጠረዦችን አጣብቆ አንድ ግዙፍ ሠንጠረዥ ሳያደርግ፣ በየቦታቸው እንዳሉ የሚማርበትን ስሌት አወጡ። ሁለቱም የ1970ውን ጽሑፍ ውርስ ይዘዋል፤ የምትፈልገውን ተናገር፣ መንገዱን ለማሽኑ ተው።

እዚህ ጋ እኔና የእህቴ ልጅ ተከራከርን። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው። ኮድ መንገዱን ከሰው ራስ አውጥቶ ለማሽን ሲሰጥ መልሱ መጣራት የሚችል ነበር፤ ሠንጠረዡን ገልጦ ረድፉን ማሳየት ይቻላል። የተማረ ማሽን ግን መልሱን የሚያወጣው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ቁጥሮች ነው፤ የትኛው ረድፍ ምን እንዳስባለው አይናገርም። እንግዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው ፋይል የሚያወጡት አዛውንት በሌላ መልክ ተመለሱ ማለት አይደለም? ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ፣ መልሱ የተገኘበትን የመረጃ ዱካ መዝግቦ መያዝ ራሱ የዚሁ ምርምር አንድ ዘርፍ መሆኑንና ገና ብዙ እንደሚቀረው ተናገረ። ሐቀኛ መልስ ነው።

ወደ ኮልፌ ስንመለስ

ክርክሩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እኛ ሀገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። በዚያው ሕግ መጨረሻ የተጻፈ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ግን ተፈጻሚነቱን ለሌላ ቀን አስተላለፈው። ያ ቀን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መጥቶ ምዝገባው በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መሐል የተወለድንና የሞትን ሰዎች የተጻፍነው በየአጋጣሚው፣ በየጸሐፊው እጅ ነው።

የአባቴን ስም ውሰዱ። በይዞታው ካርታ ላይ ገብረ ሥላሴ ነው፤ በግብር ደረሰኙ ገ/ሥላሴ፤ በእኔ ዲግሪ ላይ ገብረስላሴ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተር ሥ እና ስ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና ሦስት ሰው ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ለማሽን የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች አስቀድመው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጡት ለዚህ ነው። ጽሑፍ ለመፈለግ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ባለመብቶችን አንድ ማድረግ የጀመረ ዕለት ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ቆሟል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ኮድ ቢያየው ደስ የሚለው ይመስለኛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቷል። ያለ መያዣ በሞባይል ብድር የሚሰጡ ባንኮች መጥተዋል፤ ተበዳሪውን የሚመዝነው ስሌት ነው። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም አለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የእኔ ስጋት ቅደም ተከተሉ ነው። ማሽን ከተበላሸ መዝገብ ሲማር ብልሽቱን እንደ ደንብ ይማራል። ፋይላቸው የጠፋባቸው ሰዎች መብት እንደሌላቸው አድርጎ ከተማረ ነገ ልጆቻቸውን የሚመልሳቸው ጸሐፊ ሳይሆን ማሽኑ ይሆናል፤ ማሽኑን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደን አንለምነውም።

ለማንኛውም ኮድ ሁሉን እንደማይፈታ አውቃለሁ። ሠንጠረዥ የውሸት ምዝገባን እውነት አያደርግም፤ ጉቦም አያስቀርም። በሐሰት የገባ ረድፍ በሥርዓት ተቀምጦ በፍጥነት ይገኛል፣ ያው ነው። ሆኖም የት እንደተጻፈ የሚታወቅ ሐሰት ሊሞገት ይችላል። እኛ የምንጠይቀውም ከዚህ አይበልጥም። አንድ ሐቅ አንድ ቦታ ይጻፍ። የማይታወቀው አይታወቅም ይባል እንጂ የለም አይባል። በማሽን ለሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ ደግሞ ባለጉዳዩ ከየትኛው መዝገብ እንደተነሣ የመጠየቅ መብት ይኑረው፤ ጥያቄው በትክክል መያዙንም፣ በራንዴቩ እንደታሰበው፣ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

የዓለም ባንኩ አዛውንት ባለፈው ዓመት አረፉ። ከእህቶቼ ጋር ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የማላውቃቸው ሰው፣ ሟቹን በምን እንደማውቃቸው ጠየቁኝ። ፋይላችንን እንዳወጡልን ነገርኳቸው። ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። ለካ እሳቸውም ይዘዋቸው ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ለሚቀጥለው ሰኞ።

ቸር ይግጠመን።